"መምህር፣ የልጄ ምርመራ ምን ደረሰ?"

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላማችሁ ይብዛ። እኔ ደቡብ ወሎ ቃሉ ወረዳ፣ ከሀርቡ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ያውም ኮምቦልቻ የሄደ ሰው ይዞልን ከመጣ። ባለፈው ስለ ተማሪዎች ውጤት መውደቅ የወጣውን ፅሁፍ አንብቤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይሄን የምፅፈው። ፅሁፉ ባጭሩ ሲነገር ልጆቹ ሰነፉ፣ ስልክ ላይ ተጣዱ፣ እኛ ድሮ በኩራዝ አጥንተን ነበር ምናምን ነው የሚለው። ቁጥሩ እውነት ነው አልክድም፣ በ2014 ማትሪክ ከተፈተነው ልጅ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፣ በ2015 ደሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ግን ይሄ ሁሉ ልጅ ባንድ ጊዜ ሰነፍ ሆኖ ተፈጠረ ወይ? የመምህሩ ነገር አለ፣ የመፅሀፍ እጥረት አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ኮሮና የዘጋው ጊዜ አለ፣ እሱን ሌላ ሰው ይፃፈው። እኔ የምፅፈው ስለ ልጆቹ ገላ ነው፣ ስለ ሆዳቸው፣ ስለ አይናቸው፣ እና ደሞ በነሱ ገላ ላይ ተሰርቶ እነሱ ጋ ስለማይመለሰው ሪሰርች።

ከጥቂት አመት በፊት ነው። አንድ ማስተርሱን የሚሰራ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ደብዳቤ ይዟል፣ ማህተም አለው፣ ርዕሰ መምህሩ ጠርተው "አንተ ባዮሎጂ ስለሆንክ ተባበረው" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነው የተባበርኩት፣ ምክንያቱም ጥናቱ እኔም ሁሌ የማስበውን ነገር ነው የሚጠይቀው፤ ሆዱ ውስጥ ትል ወይ ቢልሀርዚያ ያለበት ልጅ ማርኩ ይወርዳል ወይ? ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ እቃ ለየልጁ ታደለ፣ በነጋታው ሰገራ ይዘው መጡ፣ ጣታቸው ተወግቶ ደም ተወሰደ፣ ቁመት ተለካ፣ ክብደት ተለካ፣ ቁርስ በልተሃል ወይ፣ ወንዝ ትዋኛለህ ወይ፣ አባትህ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማረ የሚል ብዙ ገፅ መጠይቅ ተሞላ። ሮስተሩን፣ የልጆቹን የማርክ መዝገብ ማለት ነው፣ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ወላጅ የፈረመበትን ፎርም የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፣ መፃፍ የማይችሉትን እናቶች በጣታቸው ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ፣ "አብሽሩ፣ ትል የተገኘበት ልጅ መድሃኒት ያገኛል፣ ውጤቱም ይነገራችኋል" ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ፎርሙም እንደዛ ነው የሚለው።

ልጁ ሳምፕሉን ይዞ ሄደ፣ በዛው ቀረ።

ከዛ ወዲህ ገበያ በወጣሁ ቁጥር አንዲት እናት ታገኘኛለች፣ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው፣ "መምህር፣ አላህ ይጨምርልህና፣ የልጄ ምርመራ ምን ደረሰ?" ትለኛለች። መጀመሪያ "ይመጣል" አልኳት። ሁለተኛ "እየተሰራ ነው" አልኳት። ሶስተኛ ጊዜ ገና ከሩቅ ሳያት በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ፣ ወሏሂ እስካሁን ያሳፍረኛል። በኋላ አንድ ቀን ማታ በስልኬ ስፈልግ ጥናቱን አገኘሁት፣ በእንግሊዝኛ ታትሟል፣ ልጆቻችን ፐርሰንት ሆነው ሰንጠረዥ ውስጥ ገብተዋል፣ መጨረሻ ላይ "ለትምህርት ቤቱ ማህበረሰብ ምስጋናችን የላቀ ነው" ይላል። የትኛው ልጅ ምን እንደተገኘበት ግን የሚያውቀው የተመራማሪው ኮምፒውተር ብቻ ነው። እኔ ልጁን በግሌ ክፉ ነው አልልም፣ መመረቂያው ደርሶበት ይሆናል፣ አማካሪው አጣድፎት ይሆናል፣ አሰራሩ ነው እንደዛ የሆነው፣ ዲፌንስ፣ የመመረቂያ ፅሁፉን ፈተና፣ ካለፈ በቃ አለቀ።

እና ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቢልሀርዚያ እኛ ጋ የቦርከና እና የመስኖ በሽታ ነው። ልጆቹ ከትምህርት መልስ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣሉ፣ ከብት ያጠጣሉ፣ ይዋኛሉ፣ ውሀው ውስጥ ካለች ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከዛ አንጀት ዙሪያ ያሉ የደም ስሮች ውስጥ ይኖራል፣ ለአመታት። ልጁ አይተኛም እኮ፣ አልጋ ላይ አይወድቅም፣ ለዛ ነው በሽተኛ የማይመስለው። ደም ያንሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይደክመዋል፣ ሶስተኛ ፔሬድ ላይ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ ያስደግፋል፣ መምህሩ ደሞ "አንተ ተነስ፣ ማታ ምን ስትሰራ አድረህ ነው!" ይለዋል። ያልኩት ነው፣ እኔ ራሴ ብያለሁ።

ይሄን በሽታ በተመለከተ የኛው ሰው ለአለም ያበረከተውን ሁሌ ክላስ ውስጥ አወራላቸዋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ እናቶቻችን ለነጠላ የሚጠቀሙበት ፍሬ የቢልሀርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል ያወቀው እንደዛ ነው። ወንዝ ወርዶ፣ ሴቶቹ የሚያደርጉትን አይቶ ነው የጀመረው፣ ሪሰርች ማለት ለኔ እሱ ነው።

መድሃኒቱም አለ፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በዘመቻ ሲመጣ ትምህርት ቤት ውስጥ በነፃ ይሰጣል። ሚዛን በሌለበት በቁመት መለኪያ እንጨት ነው የሚታደለው፣ የልጁ አናት የደረሰበት መስመር ስንት ክኒን እንደሚውጥ ይናገራል። ግን በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያማል፣ እና እኛ ጋ አንድ ጊዜ የሆነው ይሄ ነው፤ ክኒኑ ጠዋት ታደለ፣ ከልጆቹ ግማሹ ቁርስ ሳይበላ ነው የመጣው፣ የተወሰኑት አስመለሱ፣ አንዷ ተዝለፈለፈች፣ በማግስቱ "ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው" የሚል ወሬ ቀበሌውን አዳርሶ በሚቀጥለው ዙር ብዙ ወላጅ ልጁን አስቀረ። አንድ ሰው ቀድሞ "ቁርስ አብሉና ላኩ" ብሎ ቢነግር ኖሮ፣ ወይ አንድ አንድ ዳቦ ቢታደል ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ፣ ትሉን ካጠፋን ማርኩ ይወጣል ወይ? እዚ ላይ ሰው ማጋነን ይወዳል፣ እኔ ግን እንዳለ ልናገር። ምእራብ ኬንያ ቡሲያ አካባቢ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ75 ትምህርት ቤቶች የትል መድሃኒት በየተራ እያስጀመሩ ልዩነቱን ተከታተሉ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ፣ የፈተና ውጤት ግን አልጨመረም። አልጨመረም! በቁጥሩ ላይም ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረውበታል። ግን እነሱ ልጆቹን አልለቀቋቸውም፣ ከ20 አመት በኋላ ሄደው አገኟቸው፣ እና ቀድመው መድሃኒቱን የወሰዱት አድገው የተሻለ ገቢ ያላቸው ሆነው ተገኙ። እኔን የገረመኝ ገቢው ሳይሆን 20 አመት ሙሉ ልጆቹን ማስታወሳቸው ነው፣ የኛዎቹ በ20 ቀን ነው የረሱን።

ሌላው ደሞ እኛ መምህራን የምናውቀው፣ ተመራማሪዎቹ ግን የማይጠይቁን ነገር አለ፣ እሱም የማርኩ ነገር ነው። አብዛኛው ጥናት የተማሪውን ውጤት የሚወስደው ከሮስተር ነው፣ የሴሚስተር አማካይ። እኔ የምሰጠው 70 እና ኮምቦልቻ ያለ ሌላ መምህር የሚሰጠው 70 አንድ ነው እንዴ? አይደለም። ተከታታይ ምዘና ላይ ስንት ማርክ እንደሚታደል፣ ልጅ እንዳይወድቅ ከላይ ምን አይነት ግፊት እንዳለ የምናውቀው እኛ ነን። በዚ ማርክ ላይ ተደግፎ "ቁርስ የማይበላ ልጅ ውጤቱ ዝቅ ያለ ነው" ይባላል፣ እሺ፣ ግን ቁርስ የማይበላው ልጅ እኮ ሌሊት 11 ሰአት ተነስቶ ሁለት ሰአት የሚሄደው ልጅ ነው፣ ደብተር የሌለው ልጅ ነው፣ አባቱ በጦርነቱ የሞተበት ልጅ ነው፣ ታዲያ ውጤቱን ያወረደው ቁርሱ ነው መንገዱ ነው ሀዘኑ? አብሮ መገኘትና ምክንያት መሆን ለየቅል ነው፣ ዶሮ ስለጮኸ አይደለም የሚነጋው። ይሄን ለመለየት ጠንከር ያለ ስራ ይጠይቃል፤ ለሁሉም አንድ አይነት ፈተና መስጠት፣ ልጆቹን አመት ሁለት አመት መከታተል፣ እና መምህሩን ማነጋገር። እኛን ፎርም ከማስበተን ባለፈ ምን ታዝባችኋል ብሎ የጠየቀን የለም።

በጥሩ ሁኔታ የተሰራ ምሳሌ ልንገራችሁ። ምእራብ ቻይና ገጠር ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ አይናቸው በደንብ የማያይ ልጆች ተመርጠው፣ ገሚሱ ትምህርት ቤት በነፃ መነፅር ተሰጠው፣ ሌላው አልተሰጠውም፣ ከዛ ለሁሉም አንድ አይነት የሂሳብ ፈተና፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። የተሰጣቸው በሂሳብ ተሻሉ። ይሄን ሳነብ አንዲት ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ። ኋላ ነበር የምትቀመጠው፣ ረጅም ስለሆነች፣ ሁሌ ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ነው የምትገለብጠው፣ ፈተና ላይ ደሞ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ከተፃፈ ዜሮ፣ ወረቀት ላይ ከተሰጠ ጥሩ ታመጣለች። አንድ ሴሚስተር ሙሉ "ኮራጅ" ነው ያልኳት። በመጨረሻ አንድ ቀን ተናድጄ ፊት አምጥቼ ሳስቀምጣት፣ ለቅጣት ነው፣ ማንም ሳይነግራት መፃፍ ጀመረች። አልጮህኩም፣ ምንም አላልኩም፣ ፔሬዱ እስኪያልቅ ሰሌዳውን እያየሁ ነው የጨረስኩት። ከዛ በኋላ በየአመቱ መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ስረከብ ካርቶን ላይ የእንግሊዝኛዋን E የምትመስለውን ምልክት እያሳነስኩ እስላለሁ፣ 6 ሜትር ወደኋላ አቁሜ ጣቷ ወዴት ነው እላቸዋለሁ፣ ያላዩትን ፊት አስቀምጣለሁ፣ ለወላጅም ደሴ ወስዳችሁ አስመርምሩ እላለሁ። የሚወስድ ትንሽ ነው፣ ትራንስፖርቱ፣ መነፅሩ፣ ሴት ልጅ መነፅር ካደረገች ባል አታገኝም የሚል ሰውም አለ። ግን ቢያንስ ፊት መቀመጥ ብር አይጠይቅም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የ77ቱ ነገር ነው። እኛ ወሎዎች ስለዛ ዘመን በምስል ሲያሳዩን ኖረናል፣ ኮረም፣ ብርድ ልብስ፣ እንባ። ስቴፋን ደርኮን እና ካትሪን ፖርተር የሚባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር ሰሩ፣ ያኔ ድርቁ በከፋበት ጊዜ ከ1 እስከ 3 አመት እድሜ ላይ የነበሩትን ልጆች አድገው ለኳቸው። በእድሜ ከነሱ ከፍ ይሉ ከነበሩት ጋር ሲነፃፀሩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያጠሩ ሆነው ተገኙ፣ አንደኛ ደረጃን የመጨረስ እድላቸውም ያነሰ፣ በበሽታም ቶሎ ቶሎ የሚያዙ። እነዚ ሰዎች አሁን አርባዎቹን ይዘዋል። ማለትም የኔ ተማሪዎች እናትና አባት ናቸው! አጠር ያለች እናት ልጇም የመቀንጨር፣ ማለትም በእድሜው ከሚጠበቀው ቁመት አጥሮ የመቅረት፣ እድሉ ሰፋ ያለ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚ ክላሴ ውስጥ ያለው ልጅ ሰባ ሰባትን ሳያያት ሰባ ሰባት ግን ገላው ላይ አለች ማለት ነው፣ እና ይሄን ልጅ ነው "የዘንድሮ ተማሪ" ብለን የምንሰድበው።

የመቀንጨር ነገር ገና አላለቀም ደሞ። በ2008 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ አማራ ክልል ውስጥ ከ5 አመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፣ በ2011 ወደ 41 ወርዷል። የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት፣ ከእርግዝና እስከ ሁለት አመት ማለት ነው፣ ጭንቅላት የሚሰራበት ጊዜ ነው፣ እኔ ጋ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ያለፈ ነገር ነው። በ2005 አካባቢ መንግስት ከአፍሪካ ህብረትና ከሌሎች ጋር ሆኖ ባሰራው ጥናት የቀነጨረ ልጅ ካልቀነጨረው በ1.1 አመት ያነሰ ነው የሚማረው ይላል። ለዚህም ነው በ2007፣ እስከ 2022 ድረስ ከሁለት አመት በታች ያለ ልጅ የማይቀነጭርበት ደረጃ ላይ እንዲደረስ ቃል የተገባው፣ በዋግ ባለችው ሰቆጣ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለው። ጥሩ ቃል ኪዳን ነው፣ ከልቤ ነው የምደግፈው፣ ግን የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው፣ እኛ መምህራን ደሞ ስለሱ የሰማነው ከሬድዮ ነው።

ጨው ጋ ስደርስ ደሞ እናደዳለሁ። አዮዲን ያነሰው ልጅ አእምሮው እንደሚጎዳ፣ እናቱ ስታረግዘው አዮዲን ካነሳት ደሞ ጉዳቱ እንደሚከፋ የአለም ሳይንስ ካረጋገጠው ስንት ጊዜው። በ2003 ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ ወጥቷል። እኛ እኮ የጨው ጎረቤት ነን፣ አፋር አጠገባችን ነው፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ከጥንት የጨው መንገድ ነው። ግን አዮዲን ያለው ጨው እንኳ በማዳበሪያ ተከፍቶ ፀሀይ ላይ ውሎ ሲሸጥ አዮዲኑ ይተናል፣ ወጡ ገና ሲጣድ ከተጨመረም ይቀንሳል፣ ሲወርድ ነው መጨመር ያለበት። ይሄን ለእናቶች ስነግራቸው በማግስቱ ያደርጉታል፣ አይከራከሩም። ማንም ስላልነገራቸው ነው እንጂ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ተረት አገር ውስጥ እንቅርት ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ያሳያል፣ እኔ ልጅ ሆኜ አንገታቸው ያበጠ ሴቶች ለኔ እንደማንኛውም ሰው ነበሩ።

ስለ እንቅልፍም ትንሽ ልበል። ሲያትል የምትባል የአሜሪካ ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ሰአቷን በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:50 ወደ 2:45 አዘገየች፣ ተማሪዎቹ በቀን 34 ደቂቃ ተጨማሪ ተኙ፣ ማርካቸውም 4.5 በመቶ ከፍ አለ። እኛ ጋ ፈተና ሲደርስ ልጆቹ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፣ ጫት ይዘው ያድራሉ፣ ምርቃናው ላይ ሁሉም የገባቸው ይመስላቸዋል፣ ጠዋት ፈተና ክፍል ሲገቡ አይናቸው ቀልቷል፣ እንቅልፍ ያላገኘ ጭንቅላት ደሞ ያነበበውን አይዝም። ትልልቆቹ በወዳጃና በዱዓ ላይ የሚይዙትን እኔ አልነካም፣ የ17 አመት ልጅ ለማትሪክ ብሎ ሲጀምር ነው የሚያስጨንቀኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደምለምናችሁ ልግባ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ስለ ጭንቀትና ድንጋጤ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ነበር። መጠይቁ "ሰው ሲሞት አይተሃል? ሌሊት ያባንንሃል?" ይላል። አንድ 10ኛ ክፍል ልጅ ሲመልስ ሲመልስ ቆይቶ ማልቀስ ጀመረ፣ ማልቀስ ብቻ አይደለም መንቀጥቀጥ። ጠያቂዋም ልጅ ናት፣ ደነገጠች፣ "ይቅርታ" አለችው፣ ፎርሙን አጣጥፋ ወደሚቀጥለው ሄደች። ልጁን ወደ ውጪ ያወጣሁት፣ ውሀ ያጠጣሁት፣ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ እና ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ቁስል ከነካችሁ የሚያጥብ ሰው ይዛችሁ ኑ፣ ሌላ ምን ልበል።

አሁን የምጠይቀው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከኛ ልጆች ሰገራና ደም ሲወስዱ፣ በሽታ የተገኘበት ልጅ ተመራማሪው ከወረዳው ሳይወጣ መድሃኒቱን ያግኝ፣ ከዛ ደሞ አንድ ገፅ፣ አንድ ገፅ ብቻ፣ በአማርኛ ተፅፎ ለትምህርት ቤቱ ይምጣ፣ እኔ ወላጅ ስብሰባ ላይ አነበዋለሁ። ያ ገፅ ካልተመለሰ ዲግሪው አይሰጥ። ጤና ኤክስቴንሽኖቹ እኛ ጋ ሲመጡ ክኒን ለማደል ብቻ አይሁን፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ እኮ ባንድ አጥር ነው የሚዋሰኑት፣ የሚገናኙት ግን በአመት አንዴ ነው። እናንተ ጋዜጠኞች ደሞ በየሳምንቱ ትንሽ ቦታ ስጡን፣ በኛ አካባቢ ልጆች ላይ ከተሰራ ጥናት አንዱን መርጣችሁ አማካሪውንም ተማሪውንም አነጋግራችሁ እናቴ በምትሰማው አማርኛ አውጡት፣ ሳንቲም ካስፈለገ ጋዜጣውን ገዝቼ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

በዛን ጊዜ ወላጆች የፈረሙበት ፎርም ቅጂ ከነጣት አሻራው እኔ መሳቢያ ውስጥ አለ። የዛች ሽንኩርት የምትሸጠው እናት ልጅ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገብቷል፣ አሁንም ሆዱን ያመዋል፣ በራሴ ጤና ጣቢያ ልኬው ነበር፣ የዛን ቀን ላብራቶሪው ኬሚካል የለንም ተብሎ ተመለሰ። ተመራማሪው ይሄን ካነበብክ የኔ ስልክ አልተቀየረም፣ የልጁ የኮድ ቁጥርም ፎርሙ ላይ አለ፣ ላክልኝና ለእናቱ ልንገራት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ቃሉ ወረዳ፣ ደቡብ ወሎ